ሳቫይኪን ፍለጋ፤ ስለ አሊስቴር ቴ አሪኪ ካምቤል ግጥሞች

አንድ ባለቅኔ ስለ ዘሩና ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ አንባቢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ይኸውም የተጻፈው ነገር በእርግጥ የጸሐፊው የራሱ ሀብት ነው ወይስ ከመጻሕፍት የተለቀመ ነው የሚል ነው። የኒው ዚላንዱ ባለቅኔ አሊስቴር ቴ አሪኪ ካምቤል (1925–2009) ይህን ጥያቄ ከብዙዎች ይልቅ አክብዶ ያቀርብልናል። በእናቱ በኩል ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴተኞች ከፖሊኔዢያውያን ወገን ነው፤ በአባቱ በኩል ደግሞ ከስኮትላንድ ወደ ኒው ዚላንድ ከፈለሱ ሰዎች ይወለዳል። በሕፃንነቱ አፉን የፈታበትን የእናቱን ቋንቋ ገና ልጅ ሳለ አጥቶታል። ስለ እናቱ፣ ስለ አያቶቹና ስለ ደሴቱ የጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው እናቱን የእርስዋ ባልሆነ ቋንቋ ሊያለቅሳት ይችላልን? ቢያለቅሳትስ ለቅሶው እርስዋ ዘንድ ይደርሳልን? ጥያቄው ለእኛ ለተማሪዎች ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በትምህርት ክፍል በእንግሊዝኛ እየጻፍን በቤታችን በሌላ ቋንቋ የምናለቅስና የምንስቅ ነንና። ነገር ግን የካምቤልን ነገር ወደ ራሳችን ጉዳይ ለመጐተት አንሻም፤ ሥራው በራሱ ስፍራና በራሱ ታሪክ ውስጥ ሲታይ ነው የሚገባን።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የመጻሕፍቱንም ስም ወደ አማርኛ የመለስነው እኛ ነን።

ስለ ካምቤል ሲነገር የተለመደው አከፋፈል ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ክፍል በ1950 የጀመረው፣ ዜማው የጣፈጠ፣ ስለ ተራራና ስለ ባሕር፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት የሚናገረው ግጥም ነው። ሁለተኛው ክፍል ከ1976 በኋላ የመጣው፣ ስለ ፖሊኔዢያ የሚናገረው ግጥም ነው። በዚህ አከፋፈል መሠረት ባለቅኔው በአምሳ ዓመቱ ገደማ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ የጠየቀ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ነገሩ ከመጀመሪያው አንድ ነው እንላለን፤ የተለወጠው ኀዘኑ ሳይሆን ኀዘኑ የሚጠራበት ስም ነው። ይህንንም ከዚህ ቀጥለን በተራ ለማሳየት እንሞክራለን።

ደሴቱና ልጁ

ቶንጋሬቫ፣ በፈረንጆቹ አጠራር ፔንሪን፣ በኩክ ደሴቶች ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ የኮራል ቀለበት ናት። ፔንሪን የሚለው ስም በ1788 በስፍራው ካለፈችው «ሌዲ ፔንሪን» ከምትባል መርከብ የመጣ ነው። የየብስዋ ስፋት ወደ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ቀለበቱ የከበበው ውስጠ ባሕር ግን ከየብሱ ከሃያ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ኦሞካና ቴ ታውቱዋ የሚባሉ ሁለት መንደሮች በዚህ ውስጠ ባሕር ማዶ ለማዶ ይተያያሉ። ዋናይቱ ደሴት ራሮቶንጋ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንግዲህ የልጁ ዓለም ከፍ ያለ ምድር የሌለበት፣ ውኃ በውስጥም በውጭም የከበበው፣ ሰው ሁሉ ከሰው ሁሉ ጋር የሚተዋወቅበት ዓለም ነበረ።

ይህች ደሴት ኀዘን የማያውቃት ገነት አልነበረችም። በ1862ና በ1863 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ከሕዝብዋ ከ400 የሚበልጡትን በመርከብ ጭነው ወስደዋል። በ1901 ከሌሎቹ የኩክ ደሴቶች ጋር በኒው ዚላንድ ግዛት ሥር ገባች፤ ደሴቶቹ የራሳቸውን የውስጥ አስተዳደር ያገኙት በ1965 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደዚያ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ በጋሊፖሊ የተዋጋው የባለቅኔው አባት ነው። እርሱም የደሴቲቱን ልጅ ቴዉን አገባ፤ አሊስቴር በ1925 በራሮቶንጋ ተወለደ፤ ያደገውም በቶንጋሬቫ ነው።

እናቱ በ1932 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት በ1933 አባቱ ሞተ። ልጁ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ወይም ሞልቶት ሳለ በመርከብ ወደ ደቡብ ተላከ፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ9 ዲግሪ ላይ ካለች ሞቃት ደሴት ተነሥቶ በ46 ዲግሪ ላይ ወዳለችው ወደ ዱኒዲን ከተማ ሄደ። በዚያም በእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ውስጥ ገባ። እናት፣ አባት፣ ቤት፣ ፀሐይና ቋንቋ በሁለት ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ተወሰዱበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእንደኛ ላለው የጥናት መጽሔት አንባቢ የሚገርም አንድ ነገር እንጨምር። በእናቱ በኩል ማኦሪ የነበረው ሊቅ ቴ ራንጊ ሂሮአ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ፒተር ባክ፣ ስለ ቶንጋሬቫ ሕዝብ ሥራና ልማድ የጻፈውን ትልቅ ጥናት ያሳተመው በዚሁ በ1932 ነው። የደሴቲቱ ልማድ በመጽሐፍ ተጽፎ ለዓለም ሊቃውንት በተሰጠበት ዓመት፣ ያንኑ ልማድ ለልጅዋ በቃል ልታስተላልፍ የሚገባት እናት ሞተች። ከዚያ ወዲያ ልጁ ስለ ወገኖቹ ማወቅ ቢፈልግ የሚቀረው መንገድ የመጽሐፍ መንገድ ሆነ። ስለዚህ አንዳንዱ ተቺ «ይህ ሰው ቅድመ አያቶቹን ያገኘው ከቤተ መጻሕፍት ነው» ቢል የሚናገረው እውነቱን ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ ነቀፋ መሆኑ ቀርቶ ራሱ የኀዘኑ አንድ ክፍል ነው።

ስም የሌለው ኀዘን

ካምቤል በዱኒዲን ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ ወደ ዌሊንግተን ሄዶ በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ። የመጀመሪያው መጽሐፉ «ዐይኖቼ ተጥበረበሩ» በ1950 ወጣ። ስሙ የተወሰደው ከእንግሊዛዊው የተውኔት ጸሐፊ ከጆን ዌብስተር ትራጄዲ ነው፤ በተውኔቱም ውስጥ ይህ ቃል አንድ ወንድም የሞተች እኅቱን ፊት ማየት በተሳነው ጊዜ የሚወጣው ነው። አንድ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ለመጀመሪያ መጽሐፉ ከእንግሊዝ ድርሰት ሁሉ መርጦ ይህን ስም ማውጣቱን እንደ ዋዛ ልናልፈው አንችልም። የሞተች ሴት ፊት አለ፤ የሚያይ ዐይን አለ፤ ዐይኑ ግን ሊያያት አይችልም። የሥራው ሁሉ ታሪክ በዚህ ስም ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቶንጋሬቫ የዚህ መጽሐፍ ርእሰ ነገር አይደለችም። በእርስዋ ፈንታ የምናገኘው የደቡብ ኒው ዚላንድን ተራራ ነው። «ሙሾ» የሚለው ተከታታይ ግጥሙ በተራራ ላይ በአደጋ ስለ ሞተ ወዳጁ የተጻፈ ነው፤ ሙዚቃ ደራሲው ዳግላስ ሊልበርን በ1951 ዜማ አውጥቶለታል። በዚህ ግጥም ውስጥ ሙሾ አውራጁ ባለቅኔው አይደለም። ነፋሱ፣ ማዕበሉ፣ ሸለቆው፣ ድንጋዩ ናቸው የሚያለቅሱት፤ ባለቅኔው እንደ ለቀስተኛ ከዳር ቆሞ ይሰማል። ይህ አጻጻፍ ከእንግሊዝ የሮማንቲክ ባለቅኔዎች የተወረሰ ነው የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ወራሹ ይህን መሣሪያ ለምን እንደ መረጠ መጠየቅ ይገባል። በማሳደጊያ ቤት ያደገ፣ ስለ ሞቱበት ሰዎች በገዛ አፉ ማልቀስን ያልለመደ ልጅ ለቅሶውን ለተራራ አደራ ቢሰጥ አያስደንቅም።

ከቀደሙት ግጥሞቹ ሌላው «መመለስ» የሚባለው ነው። በዚህ ግጥም በባሕር ዳር፣ በጉምና በእሳት ጭስ መካከል፣ ሰውም አማልክትም የሚመስሉ ፍጡራን ይታያሉ። ከየት እንደ መጡ አይነገርም። ከእነርሱም መካከል የግሪኮች አምላክ ዲዮኒሶስ ሰጥሞ ይታያል። ይህ ግጥም በውበቱ ብዙ ጊዜ የሚመሰገን ነው፤ እኛ ግን ከውበቱ ይልቅ አለመገጣጠሙን ልንመለከት እንወዳለን። ባሕሩ የፓሲፊክ ባሕር ነው፤ ከባሕር መጥተው በአሸዋ ላይ የሚቆሙት ሰዎች የፖሊኔዢያ መርከበኞች ይመስላሉ፤ ሙቱ አምላክ ግን ግሪካዊ ነው። ወጣቱ ባለቅኔ ከባሕር የሚመለሱትን ሙታን አይቷል፤ ስማቸውን ግን አያውቅም። በዱኒዲን ትምህርት ቤት የተማረው የሙታን ስም የግሪኮች ብቻ ስለ ሆነ በዚያ ጠራቸው። ግጥሙ ኀይሉን የሚያገኘው ከዚህ ይመስለናል፤ ስሙ ባዕድ ሲሆን ናፍቆቱ ግን የቤት ነው።

እንግዲህ «በቀድሞው ግጥሙ ፖሊኔዢያ የለችም» የሚለው አስተያየት የሚሳሳተው ስም የሌለውን ነገር እንደሌለ በመቍጠሩ ነው።

የሌሎች ሰዎች አያቶች

በ1960 ገደማ ካምቤል ብርቱ የአእምሮ ሕመም አገኘው። በ1984 ባወጣው «ከደሴት ወደ ደሴት» በተባለው የሕይወት ታሪኩ ስለዚህ ዘመን በግልጽ ጽፏል። ከሕመሙ በኋላ በ1963 «የመናፍስት መጠለያ» የተባለውን ተከታታይ ግጥም አሳተመ። ባለቅኔው ይኖርበት ከነበረው ከፑኬሩዋ ቤይ ፊት ለፊት በባሕሩ ላይ የካፒቲ ደሴት ትታያለች። ይህች ደሴት ከ1897 ጀምሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ናት፤ ስለዚህ «መጠለያ» የሚለው ቃል ሰሙ የአዕዋፍ መጠለያ ሲሆን ወርቁ የሙታን ማደሪያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካፒቲ የንጋቲ ቶዋ ነገድ አለቃ የቴ ራውፓራሃ አምባ ነበረች። ቴ ራውፓራሃ በጦርና በብልሃት ስመ ጥር የሆነ፣ በጠላቶቹም ዘንድ ስለ ጭካኔው የሚታወስ፣ በ1849 የሞተ አለቃ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ዋናው የዝምድና ጥያቄ ነው። ካምቤል የንጋቲ ቶዋ ልጅ አይደለም፤ የቶንጋሬቫ ሰውና የኒው ዚላንድ ማኦሪ በቋንቋም በትውፊትም ዘመዳሞች ቢሆኑም የአንዱ አያት የሌላው አያት አይሆንም። እንግዲህ በማን ፈቃድ ነው በቴ ራውፓራሃ አፍ የሚናገረው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬም በኒው ዚላንድ የነገድ ታሪክን ማን ሊናገር ይገባዋል የሚለው ነገር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መልሱን ግን ግጥሙ ራሱ የሚሰጥ ይመስለናል። በመጀመሪያ፣ ባለቅኔው አለቃውን እንደ አያት አይወርሰውም። ለአለቃው የሚሰጠው ንግግር እኛ ፉከራ የምንለውን የሚመስል፣ ኀይል የሞላበት ነው፤ ሆኖም የተገደሉትም ሰዎች ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ በመጨረሻም ባለቅኔው በራሱ አንደበት በአለቃው ላይ ይነሣል። ይህ የወራሽ ሥራ አይደለም፤ ሌሊት የሚጐበኘውን መንፈስ ተከራክሮ ለማስወጣት የሚሞክር ሰው ሥራ ነው። ሁለተኛም፣ በዚህ መጽሐፍ ካምቤል ከዚያ በፊት ያልነበረውን መሣሪያ አገኘ። በ1950 ተፈጥሮ ስለ ሙታን ታለቅስ ነበር፤ በ1963 ሙታኑ ራሳቸው «እኔ» እያሉ መናገር ጀመሩ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየቀጠለ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እያፈረሰ የሚሄድ የብዙ ድምፅ አሠራር ነው። ባለቅኔው የገዛ ሙታኑን ለማናገር ድፍረት ባላገኘበት ጊዜ በሌሎች ሰዎች ሙታን ላይ ተለማመደ ማለት እንችላለን። በዚህ አነጋገር የሚቀር ቅሬታ እንዳለ አንክድም፤ የንጋቲ ቶዋ ሰው ይህን ሲያነብ «የእኛ ታሪክ ለአንተ መለማመጃ ነውን?» ሊል ይችላል። ቅሬታው የግጥሙን ኀይል አያጠፋውም፤ ግን ከጎኑ ሆኖ መነበብ አለበት።

የ1976 ጉዞና የሳቫይኪ መጽሐፍ

በዚያ ዘመን በፓሲፊክ ምድር ሁሉ አዲስ ነገር ይታይ ነበር። በ1964 ሆኔ ቱፋሬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የግጥም መጽሐፍ ያሳተመ የመጀመሪያው ማኦሪ ሆነ። በ1976 የሳሞአው ደራሲ አልበርት ዌንት «ወደ አዲሲቱ ኦሺኒያ» የተባለውን ድርሰቱን አውጥቶ የደሴቶቹ ጸሐፊዎች ያለፈውን ዘመን እንደ ነበረ ለመመለስ ሳይሆን ከእርሱ ተነሥተው አዲስ ነገር ለመፍጠር እንዲጽፉ ጠራቸው። በዚያው ዓመት ካምቤል በልጅነቱ ከወጣ ከ43 ዓመት በኋላ ወደ ቶንጋሬቫ ተመለሰና ዘመዶቹን አገኘ።

የዚህ ጉዞ ፍሬ በ1980 የወጣው «የሳቫይኪ ጨለማ ጌታ» የተባለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። አንባቢ ቀድሞ የሚያስተውለው የቋንቋውን መለወጥ ነው። የ1950ው ግጥም በቅጽል የበለጸገ፣ ዜማው እንደ ማዕበል የሚነሣና የሚወድቅ ነበረ። የ1980ው ግጥም ግን ስንኙ አጭር ነው፤ ቅጽሉ ተነቅሏል፤ ዐረፍተ ነገሩ እንደ ተራ ሰው ንግግር ቀጥ ያለ ነው፤ በባዶው ስፍራ የገቡት ስሞች ናቸው፤ የዛፍ ስም፣ የመንደር ስም፣ የነፋስ ስም፣ የሰው ስም። ይህን ለውጥ አንዳንዶች እንደ ድህነት ያዩታል። ለእኛ ግን ባለቅኔው የተዋሰውን ልብስ አውልቆ በራሱ ቁመት መቆሙ ነው የሚታየን። ስም የሌለው ኀዘን ብዙ ቅጽል ይፈልጋል፤ ስሙን ያገኘ ኀዘን ግን ስሙን ብቻ ቢጠራ ይበቃዋል።

ከስሞቹ ሁሉ ዋናው «ሳቫይኪ» ነው። የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ሃዋይኪ፣ የራሮቶንጋ ሰዎች አቫይኪ የሚሉት ይኸው ቃል ነው። ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛው ቅድመ አያቶች በታንኳ ተሳፍረው የመጡበት የመጀመሪያ አገር ነው፤ ሁለተኛው ነፍሳት ከሞት በኋላ የሚሄዱበት የሙታን አገር ነው። በእኛ ባለቅኔዎች ዘንድ አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲይዝ እንደ ጥበብ ይቈጠራል፤ እዚህ ግን ሁለቱን ፍች ያጣመረው የአንድ ባለቅኔ ብልሃት ሳይሆን የሕዝቡ ቋንቋ ራሱ ነው። ካምቤልም ይህን ቃል ባገኘ ጊዜ የሕይወቱን ፍች ያገኘ ይመስለናል። እርሱ ዘሩን ሲፈልግ የሚያገኘው ሙታንን ነው፤ ሙታኑን ሲያለቅስ የሚያገኘው ዘሩን ነው። ለሌላ ሰው ሁለት የሆነው ነገር፣ ማለት የትውልድ ፍለጋና የእናት ለቅሶ፣ ለእርሱ በአንድ ቃል ይጠራል።

ከዚህ የተነሣ ይህን መጽሐፍ «የማንነት ግጥም» ብሎ ብቻ መጥራት ያሳንሰዋል። የማንነት ግጥም ብዙ ጊዜ «እኔ የእነዚህ ወገን ነኝ» ብሎ በኩራት ያውጃል። የካምቤል ግጥም ግን እናትን በስምዋ «ቴዉ» ብሎ ይጠራል። ልጅ እናቱን በስምዋ አይጠራም፤ እንዲህ የሚጠራት ሰው የእርስዋን ዕድሜ አልፎ የሄደ፣ እርስዋን እንደ ወጣት ሴት ማየት የቻለ ሽማግሌ ልጅ ነው። በ1950 ዐይኑ የተጥበረበረበትን ፊት በ1980 ማየት ጀመረ ማለት ነው።

ይህን ስንል ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። በአንዳንዶቹ ግጥሞች የመናፍስትና የቦታዎች ስም እርስ በርሱ ይደራረባል፤ ባለቅኔው ስሙን በመጥራቱ ብቻ ኀይሉ የሚመጣ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ስሙን የሚሸከም ሥዕል አያገኝም። የቴዉ ስም የሚነካን ቴዉ ማን እንደ ሆነች ግጥሙ ስለሚያሳየን ነው፤ ሌላው ስም ግን የቃላት መፍቻ ካላገኘ እንደ ጌጥ ይቀራል። በ1985 የወጣው «የነፍስ ወጥመዶች» ይህን አደጋ በስሙ ይዞታል። የነፍስ ወጥመድ በኩክ ደሴቶች፣ በተለይ በፑካፑካ፣ ይሠራበት የነበረ ዕቃ ነው፤ ከኮኮናት ቃጫ ተገምዶ፣ ቀለበት ቀለበት ሆኖ፣ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሰውን ነፍስ እንዲይዝ ታስቦ ይሠራ ነበር። ግጥምም እንዲህ ያለ ወጥመድ ነው ብንል፣ የካምቤል መልካም ግጥሞች የሙታኑን ነፍስ ይዘዋል፤ ደካሞቹ ግን የተያዘበት ባለቅኔው ራሱ ነው፤ ቀለበቱ አምሮ ተሠርቷል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

አባትና ወንድም

የካምቤልን መመለስ የእናት ወገን መመለስ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው በመጨረሻው ዘመን የወጡትን ሁለት መጻሕፍት ሊያስረዳ አይችልም። በ1999 «ጋሊፖሊና ሌሎች ግጥሞች»፣ በ2001 «የማኦሪ ሻለቃ ጦር» ታተሙ። የመጀመሪያው ወደ አባቱ ጦርነት ይመለሳል። ሁለተኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተዋጋው ስለ 28ኛው የማኦሪ ሻለቃ ጦር ነው፤ የባለቅኔው ወንድም በዚህ ጦር ውስጥ ተሰልፎ በ1945 በኢጣልያ ሞቷል።

በእነዚህ መጻሕፍት ባለቅኔው በ1963 የተማረውን የብዙ ድምፅ አሠራር እንደገና ያመጣዋል፤ ነገር ግን አሁን የሚናገሩት ሙታን የሌላ ነገድ አለቆች አይደሉም፤ የራሱ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ቅድመ አያት የሚለውን ቃል ያሰፋዋል። ነጩ አባት በጋሊፖሊ፣ ጠይሙ ወንድም በኢጣልያ፣ እናቲቱ በቶንጋሬቫ፤ ሦስቱም በአንድ ልጅ ትዝታ ውስጥ ብቻ የሚገናኙ ናቸው። ደም ቢለያያቸውም ለቅሶው አንድ ያደርጋቸዋል። ይህም በመጀመሪያ ያነሣነውን ሐሳብ ያጸናልናል፤ ካምቤል ከሁሉ አስቀድሞ የዘር ባለቅኔ ሳይሆን የእጓለ ማውታ ባለቅኔ ነው። ዘሩን የፈለገው ዘር በራሱ ክቡር ነው ብሎ አይደለም፤ ወደ ሞቱበት ሰዎች የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነው።

መደምደሚያ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሌላ ቋንቋ የተለቀሰ ለቅሶ ወደ ሙቱ ይደርሳልን?

ካምቤል የእናቱን ቋንቋ መልሶ አላገኘም። በግጥሞቹ ውስጥ የሚገቡት የደሴት ቃላት በእንግሊዝኛ ባሕር ላይ እንደሚታዩ ኮራሎች ናቸው፤ ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፤ አገር አይሆኑም። ይህን ጉድለት የሚደብቅ ባለቅኔ ቢሆን ኖሮ ግጥሙ ሐሰት በሆነ ነበር። የካምቤል ሐቀኝነት ክፍተቱን አለመድፈኑ ላይ ነው። እንግሊዝኛው እንግሊዝኛ ሆኖ ይቀራል፤ የደሴቲቱም ስም ሳይተረጐም በመካከሉ ይቆማል፤ አንባቢው በሁለቱ መካከል ያለውን ባሕር ያያል። ያ ባሕር ደግሞ በ1933 መርከቡ ያቋረጠው ባሕር ነው። ስለዚህ ቋንቋው የእናቲቱ አለመሆኑ ለቅሶውን አያፈርሰውም፤ ለቅሶው ስለ ምን እንደ ሆነ ያስታውቃል። ልጁ ካጣቸው ነገሮች አንዱ ማልቀሻ ቋንቋው ነውና።

በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ ላይ የተጻፈው ስም አሊስቴር ካምቤል ብቻ ነበረ፤ በኋለኞቹ ላይ ግን «ቴ አሪኪ» የሚለው በመካከል ገባ። አሪኪ በፖሊኔዢያ ቋንቋዎች ከፍ ያለ አለቃ ማለት ነው። በ2005 ባለቅኔው የኒው ዚላንድን የጠቅላይ ሚኒስትር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በግጥም ዘርፍ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የግጥሞቹ ስብስብ የተሰየመው በ1980ው ትንሽ መጽሐፍ ስም «የሳቫይኪ ጨለማ ጌታ» ተብሎ ነው። የ1950ዎቹ ግጥሞች ሳይቀሩ በዚህ ስም ሥር ተሰበሰቡ። እኛም ይህን አሰያየም ትክክል ሆኖ እናገኘዋለን። የዱኒዲኑ ልጅ በተራራ ሲያለቅስ፣ በግሪክ አምላክ ስም ሙታንን ሲጠራ፣ በካፒቲ ዳር ከሌሎች ሰዎች መናፍስት ጋር ሲሟገት፣ ገና ስሙን ሳያውቀው ወደ ሳቫይኪ ይሄድ ነበርና። ስለ ሆነም የካምቤልን ሥራ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከማድነቅና ሌላውን ከመናቅ ይልቅ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ይሻላል። እንዲህ ሲነበብ በ«መመለስ» ውስጥ ከጉም የሚወጡት ስም የለሾች እነማን እንደ ሆኑ ይታወቃል።